ናባካሌባራ፦ በፑሪ ቤተ መቅደስ የእንጨት ምስሎች በአዲስ ስለሚተኩበት ሥርዓት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በምሥራቅ ህንድ በኦዲሻ ግዛት፣ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳር በምትገኘው በፑሪ ከተማ የጃጋናት ቤተ መቅደስ አለ። አሁን የሚታየው ሕንፃ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በምሥራቅ ጋንጋ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ በአናንታቫርማን ቾዳጋንጋ የተጀመረ ነው። በታላላቅ የሂንዱ ቤተ መቅደሶች ውስጥ የሚመለኩት ምስሎች በአብዛኛው ከድንጋይ ወይም ከነሐስ የተሠሩ ሲሆኑ፣ የፑሪዎቹ ግን ከእንጨት የተጠረቡ በመሆናቸው በየተወሰነ ዘመን ሙሉ በሙሉ በአዲስ ይተካሉ። ስለዚህ ሥርዓት በብዛት የሚነሡ ጥያቄዎች ከዚህ በታች ተመልሰዋል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ናባካሌባራ ምንድን ነው?

ናባካሌባራ «አዲስ አካል» ማለት ሲሆን፣ የአራቱ የፑሪ ምስሎች አሮጌ አካል ተቀብሮ አዲስ አካል የሚሠራበት፣ ከአሮጌው ውስጥም በምስጢር የሚጠበቅ አንድ ነገር ወጥቶ ወደ አዲሱ የሚዛወርበት ሥርዓት ነው። አራቱ ምስሎች ከሂንዱ ዋና አማልክት አንዱ የሆነው የቪሽኑ መገለጫ ነው የሚባለው ጃጋናት፣ ታላቅ ወንድሙ ባላባድራ፣ እኅታቸው ሱባድራ፣ እንዲሁም የቪሽኑ የጦር መሣሪያ የሆነውን ክብ መንኰራኵር የሚወክለው፣ የዓምድ ቅርጽ ያለው ሱዳርሻና ናቸው።

ምእመናኑ ነገሩን እንደ ዕቃ ጥገና አያዩትም። በእነርሱ አስተሳሰብ ጃጋናት በፑሪ የሚኖር፣ በጠዋት የሚነቃ፣ የሚታጠብ፣ የሚመገብ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሚታመም ጌታ ነው፤ አካል ያለው ደግሞ ማርጀቱና መሞቱ አይቀርም። ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ፣ የዛፍ ፍለጋውም ሆነ የሌሊቱ ምስጢር ሆነ ለቅሶው፣ ከዚህ አንድ አስተሳሰብ የሚመነጭ ስለሆነ አንባቢ ይህን ይዞ ቢቀጥል መልካም ነው።

ምስሎቹ ለምን ከእንጨት ተሠሩ? እጅና እግር የሌላቸውስ ለምንድን ነው?

ስካንዳ ፑራና በተባለው ጥንታዊ የሂንዱ መጽሐፍ እና በኦዲሻ የአፍ ትውፊት እንደሚነገረው፣ ኢንድራድዩምና የተባለ ንጉሥ ቪሽኑን በአካል ለማየት ይመኝ ነበርና ቪድያፓቲ የተባለውን ብራህሚን፣ ማለትም የካህናት ወገን የሆነ ሰው፣ እንዲፈልግለት ላከው። ቪድያፓቲም የሳባራ ጫካ ነዋሪዎች አለቃ የሆነው ቪሽዋቫሱ ኒላማዳቫ የተባለውን አምላክ በዋሻ ውስጥ በስውር እንደሚያመልክ ደረሰበት፤ የአለቃውን ልጅ ላሊታንም አገባ። ንጉሡ ራሱ ለማየት በሄደ ጊዜ ግን አምላኩ ተሰውሮ አገኘው፤ በምትኩም በባሕር ላይ ተንሳፍፎ የሚመጣ ግንድ እንደሚያገኝ ተነገረው።

ግንዱ ሲመጣ የአማልክት አናጺ የሆነው ቪሽዋካርማ በሽማግሌ መልክ ቀረበና ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ ማንም በሩን እንዳይከፍት ቃል አስገብቶ ተዘጋ። ከቀናት በኋላ የመሣሪያው ድምፅ ሲጠፋ ንግሥቲቱ ጉንዲቻ ሽማግሌው ሞቶ ይሆናል ብላ ሰጋች፤ በሩም ተከፈተ። አናጺው አልነበረም፤ ምስሎቹም እጅና እግራቸው ሳይሠራ በጅምር ቀርተው ተገኙ። ዛሬም አዳዲሶቹ ምስሎች የሚጠረቡት በዚያው ባልተጠናቀቀ መልካቸው ሲሆን፣ ትላልቅ ክብ ዓይኖቻቸው የፑሪ መለያ ሆነዋል።

ታሪክ አጥኚዎች በበኩላቸው ከግንድ የተሠሩ አማልክትን ማምለክ በኦዲሻ ደጋማና ጫካማ አካባቢ በሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ዘንድ የቆየ ልማድ መሆኑን ጠቅሰው፣ የጃጋናት አምልኮ ከዚያ ሥር ሳይበቅል እንዳልቀረ ይናገራሉ። ትውፊቱ ራሱ የመጀመሪያውን አምላኪ የጫካ አለቃ ማድረጉ ለዚህ አስተያየት ክብደት የሚሰጥ ይመስለኛል።

ሥርዓቱ በየስንት ዓመቱ ይፈጸማል?

ቋሚ የዓመት ቁጥር የለውም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በ1912፣ በ1931፣ በ1950፣ በ1969፣ በ1977 እና በ1996 ተፈጽሟል፤ የመጨረሻው በ2015 ሲሆን ቀጣዩ በ2034 ይጠበቃል። በአብዛኛው ልዩነቱ 19 ዓመት ቢሆንም በ1969 እና በ1977 መካከል 8 ዓመት ብቻ እንዳለ ልብ ይሏል። በ11 ወይም በ12 ዓመት ሊውል የሚችልበትም አጋጣሚ አለ።

ምክንያቱ የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ለባሕረ ሐሳብ አንባቢም እንግዳ አይሆንም። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን፣ የፀሐይ ዓመት ደግሞ 365 ቀን ገደማ በመሆኑ በየዓመቱ 11 ቀን ልዩነት ይፈጠራል። የእኛ ሊቃውንት ይህን 11 ቀን በአበቅቴ እየያዙ የ19 ዓመቱን ንዑስ ቀመር ሲያወጡ፣ የሂንዱ ቀመር ደግሞ ልዩነቱ ሲጠራቀም አንድ ሙሉ ወር ይጨምራል፤ በ19 ዓመት ውስጥም ሰባት ያህል ተጨማሪ ወራት ይገባሉ። ተጨማሪ የሚባለው ወር ፀሐይ ወደ አዲስ የሰማይ ምድብ ሳትሻገር የሚያልፈው የጨረቃ ወር ነው። በዚህ ምክንያት ተጨማሪው ወር በየጊዜው ከተለያየ ወር ጋር ይገጥማል። ናባካሌባራ የሚፈጸመው ተጨማሪው ወር በጁንና በጁላይ አካባቢ የሚውለው የአሻዳ ወር ሲሆን፣ ማለትም በአንድ ዓመት ሁለት አሻዳ ሲኖር ብቻ ነው። ተጨማሪ ወር ለሠርግና ለመሳሰሉት ዓለማዊ ጉዳዮች የማይመረጥ ሲሆን፣ ፑሩሾታማ ተብሎ ለቪሽኑ የተሰጠ ነው፤ ፑሩሾታማ ደግሞ ከጃጋናት ስሞች አንዱ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ምስሎቹ የሚለወጡት እንጨቱ ስለ በሰበሰ ብቻ አለመሆኑን ነው። በ1977 የተቀበሩት ምስሎች 8 ዓመት ብቻ ያገለገሉ ነበሩ፤ የሚወስነው ሰማዩ ነው።

የሚቆረጡት ዛፎች ምን ዓይነት ናቸው? የሚፈልጋቸውስ ማን ነው?

ዛፉ ኒም ነው፤ በሀገራችን ቆላማ አካባቢዎችም ለጥላ የሚተከለውና ምስጥና ነቀዝ እምብዛም የማይደፍረው ያው ዛፍ ነው። ይሁን እንጂ ማንኛውም ኒም አይሆንም።

ፈላጊዎቹ በዋናነት ዳይታፓቲ የሚባሉ አገልጋዮች ናቸው። ከእነርሱ ውስጥ ዳይታዎቹ ራሳቸውን የጫካው አለቃ የቪሽዋቫሱ ዘር፣ ፓቲ ማሃፓትራ የሚባሉት ደግሞ የብራህሚኑ የቪድያፓቲ ዘር አድርገው ይቆጥራሉ። በዓመቱ አብዛኛው ክፍል የዕለቱን አምልኮ የሚያካሂዱት ብራህሚን ካህናት ሲሆኑ፣ ምስሎቹ በየዓመቱ ከሚታጠቡበት በዓል ጀምሮ በሠረገላ ወጥተው እስከሚመለሱበት ጉዞ ፍጻሜ ድረስ ግን በዳይታፓቲዎች እጅ ናቸው። የጫካው አለቃ ዘሮች በዚህ ወቅት የአምላኩ ቤተ ዘመድ ሆነው መቅረባቸው፣ በህንድ የዘር ክፍፍል ሥርዓት ውስጥ ሲታይ፣ የሚያስገርም ነገር ነው።

ፍለጋው የሚጀምረው በቻይትራ ወር ሲሆን በ2015 ማርች 29 ቀን ተጀምሯል። በመጀመሪያ ከምስሎቹ የፈቃድ የአበባ ጉንጉን ይወርድላቸዋል፤ ከዚያም ጋጃፓቲ ከሚባለው የፑሪ ንጉሥ ተልእኮውን ይቀበላሉ። ይህ ንጉሥ ዛሬ የመንግሥት ሥልጣን ባይኖረውም የጃጋናት የመጀመሪያ አገልጋይ ተብሎ ይከበራል። ተጓዦቹ በባዶ እግራቸው ወደ ካካትፑር ይሄዳሉ። እዚያ ማንጋላ የምትባለው እንስት አምላክ ቤተ መቅደስ አለች፤ እርሷም ዛፎቹ የሚገኙበትን አቅጣጫ በሕልም ትገልጻለች ተብሎ ይታመናል። የቡድኑ አለቆች በቤተ መቅደሷ ተኝተው ሕልም እስኪመጣላቸው ጸሎት ይደግማሉ፤ ከዚያ በኋላ በቡድን በቡድን ተከፍለው በየመንደሩ ይሠማራሉ።

ትክክለኛው ዛፍ በምን ይታወቃል?

ለእያንዳንዱ ምስል የተለየ ምልክት አለ። የጃጋናት ዛፍ ቅርፊቱ የጠቆረና አራት ዋና ቅርንጫፍ ያለው ሆኖ፣ በግንዱ ላይ የቀንድ አውጣ ቅርጽና የመንኰራኵር ምልክት ሊታይበት ይገባል። የባላባድራው ሰባት ቅርንጫፍና ፈዘዝ ያለ ቅርፊት ያለው ሲሆን የማረሻና የዘነዘና ምልክት ይፈለግበታል። የሱባድራው ወደ ቢጫ የሚያደላ ሆኖ አምስት ቅርንጫፍና የሎተስ አበባ ምልክት፣ የሱዳርሻናው ደግሞ ቀላ ያለ ሆኖ ሦስት ቅርንጫፍና መካከሉ ጎድጎድ ያለ የመንኰራኵር ምልክት ይኖረዋል።

ዙሪያውም ይታያል። በአቅራቢያው ወንዝ ወይም ኩሬ፣ አስከሬን የሚቃጠልበት ስፍራ፣ ሥሩ አጠገብ ኩይሳና እባብ፣ ወይም የሦስት መንገድ መገናኛ ሊኖር ይገባል። ወፍ ጎጆ ያልሠራበት፣ መብረቅ ያልመታው፣ ቅርንጫፉ ያልተቆረጠ መሆንም አለበት። ከእነዚህ አንዱ ወይም ሁለቱ በብዙ ኒም ላይ ሊገኙ እንደሚችሉ ግልጽ ነው፤ ፍለጋውን ሳምንታት የሚያስወስደው ብዙዎቹ በአንድ ዛፍ ላይ ተሰብስበው እንዲገኙ መጠበቁ ነው።

በ2015 የሱዳርሻናው ዛፍ በኮርዳ ወረዳ በጋዳካንቱኒያ፣ የሌሎቹ ሦስቱ ደግሞ በጃጋትሲንግፑር ወረዳ ተገኝተዋል፤ የጃጋናት የሆነው በካሪፓዲያ መንደር ነበር። ዛፉ የተገኘበት መንደር ወዲያው የጉዞ ስፍራ ይሆናል፤ ሰው ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ ጥበቃም ይቆማል።

ዛፉ እንዴት ይቆረጣል? እንዴትስ ይጓጓዛል?

ከመቆረጡ በፊት በዛፉ ሥር የእሳት መሥዋዕት ሥርዓት ለቀናት ይካሄዳል። ከዚያ ሦስት ምሣሮች ይቀርባሉ። በወርቅ ምሣር ዛፉ ይነካል፤ ቀጥሎ በብር ምሣር እንዲሁ ይደረጋል፤ በመጨረሻም አናጺዎቹ በብረት ምሣር ይጥሉታል። ለምስሉ የሚያስፈልገው ግንድ ከተወሰደ በኋላ የተረፈው ቅርንጫፍና ቅጠል ለማገዶ አይሰጥም፤ እዚያው ይቀበራል። ግንዱም በጨርቅ ተሸፍኖ ለዚሁ ሥራ በተሠራ አዲስ የእንጨት ጋሪ ላይ ይጫንና በሕዝብ እየተጎተተ ወደ ፑሪ ይገባል።

አዲሶቹ ምስሎች የት ይጠረባሉ?

በቤተ መቅደሱ ቅጥር ውስጥ ኮይሊ ባይኩንታ በሚባል ስፍራ፣ በተከለለ ዳስ ውስጥ ይጠረባሉ። ወደዚያ የሚገቡት የተመደቡት አናጺዎችና ዳይታፓቲዎች ብቻ ናቸው። አሮጌዎቹ ምስሎች የሚቀበሩትም በዚሁ በኮይሊ ባይኩንታ ነው፤ ማዋለጃውና መቃብሩ በአንድ ግቢ መሆናቸው ነው።

«ብራህማ ፓዳርታ» የሚባለው ምንድን ነው? እንዴትስ ይዛወራል?

የሥርዓቱ ማዕከል ይህ ነው። በእያንዳንዱ ምስል ሆድ ዕቃ ላይ የተዘጋ ቀዳዳ እንዳለና በውስጡ ብራህማ ፓዳርታ የሚባል ሕይወት ሰጪ ነገር እንደሚቀመጥ ይታመናል። አዲሱ ምስል ይህ እስኪገባበት ድረስ ጥርብ እንጨት ነው፤ አሮጌውም ይህ ከወጣለት በኋላ አስከሬን ነው።

ዝውውሩ የሚፈጸመው ጨረቃ ጨርሳ ከመጥፋቷ በፊት ባለችው ጨለማ ሌሊት ነው። ለየምስሉ የተመደቡት አንጋፋ ዳይታዎች ብቻቸውን ይገባሉ፤ ዓይናቸው በጨርቅ ይታሰራል፤ እጃቸውም ነገሩን በቀጥታ እንዳይዳስስ በጨርቅ ይጠቀለላል። በልማዱ በዚያች ሌሊት የከተማዋ መብራት ይጠፋል። የሚያዛውሩት ሰዎች እንኳ አያዩትም ማለት ነው፤ ዳስሰው የተሰማቸውንም መናገር ክልክል ነው።

ታዲያ ያ ነገር ምን እንደ ሆነ የተገመተ ነገር የለም?

ግምቱ ብዙ ነው። አንደኛው ትውፊት ቪሽኑ በሰው አካል ተገለጠበት የሚባለው ክሪሽና፣ ጃራ በተባለ አዳኝ ቀስት ተመትቶ በሞተ ጊዜ አካሉ ሲቃጠል እሳት ያልበላው ክፍል ቀርቶ በውኃ ተንሳፍፎ ወደ ፑሪ መጣ ይላል። ሌሎች ቪሽኑን የሚወክለው ሻሊግራም የተባለው ጥቁር ድንጋይ እንደ ሆነ ይናገራሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደ አሌክሳንደር ካኒንግሃም ያሉ አውሮፓውያን አጥኚዎች ደግሞ የጃጋናትን አምልኮ ከቡድሂዝም ጋር ያያይዙት ስለ ነበር፣ የቡድሃ ጥርስ ነው የሚል አስተያየትም ተስፋፍቶ ነበር።

አንዱም በማስረጃ የተደገፈ አይደለም። ከግምቶቹ ይልቅ ትኩረት የሚገባው አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል። ምስሎቹ በሕዝብ ዓይን ፊት በሠረገላ የሚወጡ፣ የሌላ ሃይማኖት ሰው እንኳ ሊያያቸው የሚችል ሲሆኑ፣ ከዘመን ዘመን የሚሻገረው ነገር ብቻ ከሁሉም ዓይን ተጠብቋል። ቢታይ ምናልባት አንድ ተራ ቅርስ ይሆን ነበር፤ ከዚያም ቤተ መዘክር ይጠይቀው፣ ሳይንቲስት ይመረምረው ነበር።

ይህ ቅብብል በታሪክ ተቋርጦ ያውቃል?

በ1568 ካላፓሃድ የተባለው የቤንጋል ሱልጣን የጦር አዛዥ ኦዲሻን ወርሮ ምስሎቹን እንዳቃጠላቸው ይነገራል። እንደ ቤተ መቅደሱ ዜና መዋዕል ከሆነ ቢሳር ሞሃንቲ የተባለ ምእመን የተረፈውን ብራህማ በከበሮ ውስጥ ደብቆ ወደ ኦዲሻ መለሰው፤ የኮርዳው ንጉሥ ራማቻንድራ ዴቫም አዲስ ምስሎች አሠርቶ አምልኮውን አቋቋመ። የምእመናኑ መልስ እንግዲህ አልተቋረጠም የሚል ነው፤ እንጨቱ ቢቃጠልም ብራህማው ተርፏልና።

አሮጌዎቹ ምስሎች ምን ይደረጋሉ?

ብራህማው በተዛወረባት ሌሊት ኮይሊ ባይኩንታ ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ይቀበራሉ። ቀብሩን የሚፈጽሙት ዳይታዎቹ ናቸው፤ ከዚያም ቤተ ዘመድ እንደ ሞተበት ሰው ኀዘን ይቀመጣሉ። ኀዘኑ አሥር ቀን ይቆያል፤ በመጨረሻው ወንዶቹ ራሳቸውን ይላጫሉ፣ በማርካንዴያ ኩሬ ታጥበው ይነጻሉ፣ ቀጥሎም ለሟች እንደሚደረገው ያለ ተዝካር ይደገሳል። የሚያለቅሱት ብራህሚን ካህናት ሳይሆኑ ዳይታዎቹ የሆኑበት ምክንያት ቀደም ሲል እንደ ተገለጸው ነው፤ የቪሽዋቫሱ ዘር በመሆናቸው ሟቹ ዘመዳቸው ነው።

ብዙ ጸሐፊዎች ስለ ጨለማው ሌሊት ደጋግመው ሲጽፉ ይህን ለቅሶ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። ነገር ግን ሥርዓቱን ከማንኛውም የቤተ መቅደስ እድሳት የሚለየው ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አምላኩ ዳግመኛ እንደሚነሣ እያወቁ፣ እንዲያውም አዲሱ አካል አጠገባቸው ቆሞ ሳለ፣ ለአሮጌው ሙሉ የኀዘን ወግ ይፈጸምለታል። ደስታው እስኪመጣ ድረስ ሞቱ እንደ ሞት ይቆጠራል እንጂ ዝም ተብሎ አይታለፍም።

አዲሶቹ ምስሎች ለሕዝብ የሚታዩት መቼ ነው?

በማንኛውም ዓመት ምስሎቹ በመታጠቢያው በዓል ቀን በ108 ማድጋ ውኃ ይታጠባሉ፤ ከዚህ የተነሣ ትኩሳት ይይዛቸዋል ተብሎ ለ15 ቀን ያህል ከሕዝብ ተሰውረው በቅጠላ ቅጠልና በሥር መድኃኒት ይታከማሉ። በናባካሌባራ ዓመት ይህ መሰወር ተጨማሪውን ወር ጨምሮ ወደ 45 ቀን ይረዝማል። በ2015 የመታጠቢያው በዓል ጁን 2 ሲሆን ምስሎቹ ለሕዝብ የታዩት በጁላይ 17 ነበር።

በዚህ መካከል ጥርቡ እንጨት «ሥጋ» ይለብሳል። በላዩ የሐር ክር ይጠመጠማል፣ ሙጫ ይቀባል፣ የጨርቅ ጥብጣብ ይለበጣል፣ ሰንደልና ካፉርን ከመሳሰሉ መዓዛማ ነገሮች የተዘጋጀ ቅባት ይጨመራል። ሽፋኖቹ ሰባት ናቸው ይባላል፤ ምእመናኑም እንጨቱን አጥንት፣ ክሩን የደም ሥር፣ ጨርቁን ቆዳ አድርገው ይተረጕሙታል። በላዩ ቀለም የሚቀቡት ለዚሁ የተመደቡ ሠዓሊዎች ሲሆኑ፣ በመጨረሻ የዓይኖቹ ብሌን ይሣላል። ለሕዝብ በታዩ በማግሥቱ፣ ጁላይ 18 ቀን 2015፣ ምስሎቹ በሦስት ታላላቅ ሠረገሎች ተጭነው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ጉንዲቻ ቤተ መቅደስ ተጓዙ።

በ2015 የተነሣው ውዝግብ ምን ነበር?

ብራህማው በጁን 15 እኩለ ሌሊት ይዛወራል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በአገልጋዮቹ መካከል ማን ይገባል በሚል በተነሣ አለመግባባት ዘግይቶ በማግሥቱ በቀን ተፈጸመ። በጨለማ ሊደረግ የሚገባው ነገር በብርሃን መደረጉ ብዙ ምእመናንን አስቆጣ፤ ጉዳዩም ቤተ መቅደሱ በ1955 በወጣው ሕግ መሠረት በግዛቱ መንግሥት የሚተዳደር በመሆኑ ወደ ፖለቲካ ተሻገረ። ተቃዋሚዎች መንግሥትን ወቀሱ፤ የተወሰኑ ዳይታፓቲዎችም ከአገልግሎት ታገዱ።

ከናባካሌባራ ውጭ ጥገና አይደረግም?

ይደረጋል። በየዓመቱ ምስሎቹ በሚሰወሩበት ጊዜ ቀለማቸው ይታደሳል፤ ሲያስፈልግም የላይኛው የክርና የጨርቅ ሽፋን ተነሥቶ በሌላ ይተካል። ይህ ግን ልብስ እንደ መቀየር ያለ ነው፤ እንጨቱም ብራህማውም አይነኩም።

ሌሎች የሂንዱ ቤተ መቅደሶችስ የእንጨት ምስሎችን እንዴት ይይዛሉ?

በኦዲሻ ውስጥ ያሉ ሌሎች የጃጋናት ቤተ መቅደሶችም ከፑሪ ጋር በተመሳሳይ ዓመት ምስሎቻቸውን የሚለውጡ አሉ። ከኦዲሻ ውጭ ያለው አጠቃላይ ልማድ ጂርኖዳራ ይባላል። የተሰበረ ወይም ያረጀ ምስል ሲታደስ ካህናቱ የአምላኩን ኃይል በጸሎት ወደ ውኃ ማድጋ ያሸጋግሩታል፤ ጥገናው እስኪያልቅም በትንሽ ጊዜያዊ መቅደስ ያቆዩታል፤ ከዚያ ወደ ምስሉ ይመልሱታል። ፑሪ ከዚህ የሚለየው የሚሸጋገረው በእጅ የሚያዝ ነገር በመሆኑ ነው።

በደቡብ ህንድ በታሚል ናዱ ግዛት በካንቺፑራም ከተማ ደግሞ ፍጹም የተለየ መንገድ አለ። በቫራዳራጃ ፔሩማል ቤተ መቅደስ የሚገኘው አቲ ቫራዳር የሾላ ዝርያ ከሆነ ዛፍ የተሠራ ምስል ሲሆን፣ በቤተ መቅደሱ ኩሬ ውስጥ ውኃ ሥር ተቀምጦ በየ40 ዓመቱ ለ48 ቀን ብቻ ይወጣል። በ1979 ከወጣ በኋላ በድጋሚ የወጣው ከጁላይ 1 እስከ ኦገስት 17 ቀን 2019 ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተጋድሞ፣ በኋላ ቆሞ ታይቷል። ፑሪ እንጨቱን ቀብራ በሌላ ስትተካ፣ ካንቺፑራም ያንኑ እንጨት ከዓይንም ከአየርም አርቃ ታቆየዋለች።

ሂንዱ ያልሆነ ሰው ሥርዓቱን ማየት ይችላል?

ወደ ፑሪ ቤተ መቅደስ ውስጥ የሚገቡት ሂንዱዎች ብቻ ናቸው። ክልከላው ጥብቅ ከመሆኑ የተነሣ በ1984 የወቅቱ የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ፣ ያገቡት የፓርሲ፣ ማለትም ከፋርስ የመጣ የዞሮአስተር እምነት፣ ተወላጅ የነበረ ሰው በመሆኑ፣ እንዳይገቡ ተከልክለዋል። የውጭ ጎብኚዎች ቀደም ሲል በምሥራቃዊው የአንበሳ በር ፊት ለፊት ከነበረው ከራጉናንዳን ቤተ መጻሕፍት ሰገነት ሆነው ግቢውን ከሩቅ ይመለከቱ ነበር። የጥረባውንና የዝውውሩን ሥርዓት ግን ከተመደቡት አገልጋዮች በቀር የሚከታተል ሂንዱም የለም።

ምስሎቹን በቅርብ ማየት የሚፈልግ ሰው የሠረገላውን ጉዞ መጠበቅ ይኖርበታል፤ በዚያን ቀን ጃጋናት ወደ ውጭ ስለሚወጣ ዘርና ሃይማኖት አይጠየቅም። ለዚህም እስከ 2034 መቆየት አያስፈልግም፤ የሠረገላው ጉዞ በየዓመቱ በጁን መጨረሻ ወይም በጁላይ ይካሄዳል፤ ቀኑ በጨረቃ የሚወሰን ስለሆነ የዓመቱን አስቀድሞ ማጣራት ይገባል።